አንኮበር፣ እናቴ ቤት ሥር ያለው ባሕር ዛፍ፦ ይቆረጥ ወይስ ይጠበቅ?

የጎረቤላ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ወስዳችሁ ብታነቡልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ግን አንኮበር፣ ከጎረቤላ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አባቴ በሠራው ቤት ብቻዋን ናት። ቤቱ ጉብታው አናት ላይ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ። ከቤቱ በታች በምሥራቅ በኩል መሬቱ ወደ ቆላው ቁልቁል ይወርዳል። ተዳፋቱ ላይ አባቴ የተከለው ነጭ ባሕር ዛፍ አለ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም በወጉ አልነካውም። ከጓሮው ጥግ ደግሞ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን የሚነካ አንድ ትልቅ ጥድ፣ በመንገዱ በኩል የመብራት ሽቦ ላይ ያዘነበሉ ሁለት ያረጁ ባሕር ዛፎች አሉ።

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከታች ከሸለቆው ጭስ ተነሣ። ማን እንዳስነሣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ውርጭ ያደረቀውን ሳር እየበላ ቋያው ሽቅብ መጣ። ጎረቤት ጡሩምባ ነፍቶ፣ ወንድ ሴት ሳይል ወጥቶ፣ በእርጥብ ቅጠል እየመታ፣ አፈር እየበተነ ከዛፎቹ ዳር ላይ አቆመው። እኔ የደረስኩት ሲመሽ ነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ደጃፍ ቆማለች። የባሕር ዛፉ ቅርፊት እየነደደ በነፋስ እየመጣ ጣራው ላይ ሲወድቅ «እንደ በረዶ ጠብ ጠብ ይል ነበር» አለችኝ። በማግስቱ የጎረቤት ልጅ ጣራ ላይ ወጥቶ ሲያይ፣ አሸንዳው ውስጥ ጣት የሚያህል የከሰለ ቅርፊት አገኘ። ከሥሩ የተጠራቀመው ደረቅ ቅጠል አንድ ጥጉ ጠቁሯል። ለምን እዚያው እንደጠፋ እግዜር ነው የሚያውቀው። ያን ቅርፊት በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ።

አሁን ሁለት ሰዎች መጥተው «ሁሉንም ሙልጭ አድርገን እንቆርጥላችኋለን፣ ግንዱን እኛ እንወስዳለን፣ በላዩ ላይ ብር እንሰጣለን» ብለዋል። ወንድሜ ይቆረጥና እንገላገል ይላል። እናቴ ደግሞ አሻፈረኝ አለች። «የእናንተ ደብተር የተገዛው በዚህ አጠና ነው፤ እኔን ቅበሩኝና ቁረጡት» ትላለች። ለመከራከር ብላ የምትናገር ሴት አይደለችም።

ይህን ሥራ የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ፦ ዛፉን ሳያጠፉ ቤቱን ከእሳት ማትረፍ ይቻላል? ከየት ይጀመራል? ማንንስ ልቅጠር?

ጠባሴ ሰፈር

እህቴ፣ ነፍስ ይቀድማል። ባሕር ዛፍ ዘይት ነው፤ ቅጠሉን እሳት ላይ ጣል አድርጊና ድምፁን ስሚ። ሰዎቹ ብር ከሰጡ አስቆርጪው። ለእናትሽ ሌላ ገቢ ይፈለግላቸዋል።

ባለምሳሩ

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ጠበቀልሽ። እኔ ትውልዴ መንዝ ነው፤ አሁን ደብረ ሲና ሆኜ ከጣርማ በር እስከ አንኮበር ዛፍ በመቁረጥና በመግረዝ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ከላይ ወንድማችን ያለው ከአሳብ ነው፤ ግን እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ በነበሩበት ጊዜ ከዛፉ ሥር ያለውን ቅጠልና ቅርፊት የሚጠርገው ማን ነበር? ይህን የምጠይቅሽ ለወሬ አይደለም። ድሮ በየቤቱ እንጀራ የሚጋገረው በቅጠልና በጭራሮ ስለነበረ ከባሕር ዛፍ ሥር መሬቱ ተጠርጎ እንደ ግቢ ይታይ ነበር። አሁን ልጆቹ ከተማ ገቡ፣ እናቶች ጉልበታቸው ደከመ፣ ምጣዱም በመብራት ሆነ። ቅጠሉ ግን መርገፉን አልተወም። ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በረጅሙ እየላጠ ያንጠለጥላል፤ የተላጠው ከግንዱ ላይ እንደ መቀነት ተንጠልጥሎ ይደርቃል። የሳር እሳት ሲመጣ መሬት ላይ ያለውን ቅጠል ይይዛል፣ ከቅጠሉ ወደ ተንጠለጠለው ቅርፊት፣ ከቅርፊቱ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ወደ አናት። እሳቱ የሚወጣበትን መሰላል ያቆምንለት እኛ ነን። መሰላሉ ከተነሣ ግን የሳር እሳት ከረጅም ዛፍ ሥር ገብቶ፣ የሚበላው አጥቶ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ በቅጠል ተመቶ የሚጠፋው እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጥረጊያና ሬክ (ቅጠል መሰብሰቢያ ባለጥርስ መሣሪያ) እንጂ መጋዝ አይደለም። የተጠረገውን ደግሞ እዚያው ከምረሽ እንዳትተይው፣ ለማገዶ ይሂድ ወይም ጉድጓድ ይግባ።

ሁለተኛው መግረዝ ነው። ከቤቱ በኩል ያሉትን ዛፎች ከመሬት ጀምሮ ከሰው ቁመት በላይ፣ ወደ ሦስት ሜትር ድረስ፣ የታችኛውን ቅርንጫፍ ማንሳት። ትንንሾቹን ዛፎች እስከ ሲሶ ቁመታቸው ብቻ፤ ከዚያ በላይ ከሄድሽ ዛፉ ራሰ ከባድ ሆኖ ለነፋስ ይጋለጣል። ከሥር ያለውን ቁጥቋጦም አጥሩት፤ ዛፉ ተገርዞ ሥሩ ቁጥቋጦ ከሆነ የተሠራው ሥራ ከንቱ ነው።

ሦስተኛው ማሳሳት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ባሕር ዛፍ ተጠጋግቶ ሲያድግ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ነው የሚቆመው። ዳር ያሉት ከልጅነታቸው ነፋስ እየመታቸው ሥራቸው ጠንክሯል፤ መሀል ያሉት ግን ቀጥ ብለው ቀጥነው ነው የወጡት። ዳሩን አንስተሽ መሀሉን ካጋለጥሽው፣ በአንኮበር ነፋስ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ይገነደሳል። በአንድ ዓመት ከሲሶው በላይ አታስነኪ፤ የታመመውን፣ የተጣመመውን፣ በሌላው የተዋጠውን ነው የሚያነሡት። በግንዱ ፋንታ እንቆርጣለን የሚል ሰው ግን ዓይኑ ቀጥ ያለው ላይ ነው። ቀጥ ያለው አጠና ነው፣ ቋሚ ነው፣ ብር ነው። ጎባጣውንና የደረቀውን ጥሎልሽ ይሄዳል፤ ለእሳት የሚቀርበውም ያ ነው። እነዚያን ሁለት ሰዎች አላውቃቸውም፣ አልፈርድባቸውም። ሥራውን በገንዘብ ከፍለሽ ብታሠሪና አጠናውን ራሳችሁ ብትሸጡ ግን ይሻላል።

ተዳፋት ላይ ሙልጭ አድርጎ መቁረጥ ሌላም ጣጣ አለው። ጉቶው ካላቆጠቆጠ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የክረምቱ ጎርፍ መሬቱን ይዞ ይወርዳል። ቤታችሁ ደግሞ አናቱ ላይ ነው።

ጥዱን በተመለከተ፦ የሐበሻ ጥድ ነው የፈረንጅ? ፍሬው ትንሽ፣ ክብ፣ ሰማያዊ ከሆነ የሐበሻ ነው፤ እንደ እንጨት የጠነከረ ከሆነ የፈረንጅ።

የጎረቤላ ልጅ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። የምትጠርገው እናቴ ራሷ ነበረች። በየሳምንቱ ቅዳሜ በጆንያ እየሞላች፤ እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ እናግዛት ነበር። ጉልበቷን ካመማት አምስት ዓመቱ ነው፤ እኛ ደግሞ የመብራት ምጣድ ገዛንላትና የረዳናት መሰለን። እሑድ ሄጄ ከዛፎቹ ሥር እጄን ሰደድኩት፤ ቅጠሉ እስከ ክርኔ ዋጠኝ። ላዩ ሲነካ ይንኮሻኮሻል፣ ከሥሩ ግን የሻገተ ጥቁር ነው።

ጥዱ የሐበሻ ነው፣ ፍሬው ሰማያዊ። አባቴ እኔ በተወለድኩ ዓመት የተከለው ነው።

ከባሕር ማዶ

እህቴ፣ እኔም የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ አልዩ አምባ ገበያ በአህያ ጨው ሲራገፍ እያየሁ ነው ያደግሁት። አሁን ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ አካባቢ የዛፍ እንክብካቤ ሥራ ላይ ነኝ። እዚህ «አርቦሪስት» የሚባል፣ ተፈትኖ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ሙያ አለ። ሥራ የጀመርኩ ቀን ኮረብታው ላይ ነጭ ባሕር ዛፍ አይቼ ቀዬዬ የተመለስኩ መሰለኝ። ያው የኛው ዛፍ ነው፤ እዚህም እዚያም ከአውስትራሊያ የመጣ።

እዚህ ኮረብታ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ፤ ከእናትሽ ቤት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 አንድ ቅዳሜ ቀን ትንሽ የሳር እሳት ተነሣ፤ ሰዎቹ አጠፉት። እሑድ ጠዋት ከምድረ በዳው በኩል ደረቅ ነፋስ ነፈሰና ከቅጠልና ከአፈር ሥር የተዳፈነውን ፍም ቀሰቀሰው። 25 ሰው ሞተ፣ ወደ 3,000 የሚጠጋ ቤት ወደመ። ዓመታት የዘለቀ ድርቅ ነበረ፤ ከዚያ በፊት ባለፈው ብርድ ወራት ደግሞ ከባድ ውርጭ ባሕር ዛፎቹን መትቶ አድርቋቸው ነበር። እኛ አገር ውርጭ የሚያደርገውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዢልኝ። አንደኛ፣ እሳት ጠፋ ሲባል አትመኚ። ከሥሩ የሻገተ ነው ብለሽ የጻፍሽው ቅጠል እርጥብ ቢመስልም ሲደርቅ ፍም ደብቆ የሚያሳድር እሱ ነው። በየካቲቱ እሳት ማግስት ያን ቦታ ውሃ እያፈሰሱ በዶማ የገለበጠው ሰው ነበር? ወደፊት እንዲህ ይደረግ፤ እጅ አስገብቶ ሙቀቱን እስኪያጣ ድረስ።

ሁለተኛ፣ ቤት ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው የእሳቱ ግንብ መጥቶ ሲያቅፈው አይደለም፤ ነፋስ ቀድሞ በሚያመጣው ፍም ነው። እናትሽ የሰሙት ጠብ ጠብ እሱ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንጀምረው ከቤቱ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል፣ በእኛ አነጋገር ሦስት ክንድ፣ ዙሪያውን የሚነድ ነገር አይኑር፤ ጠጠር ወይም ባዶ አፈር ይሁን። ከዚያ እስከ አሥር ሜትር ድረስ እርጥብ የሆነ፣ አጭር የሆነ፣ የተራራቀ። እዚህ ካሊፎርኒያ እሳት በሚያሰጋበት ቦታ ሕጉ እስከ 30 ሜትር ድረስ ባለቤቱ እንዲያጸዳ ያስገድዳል። ቤቱ ከተዳፋቱ በላይ ከሆነ ደግሞ በታችኛው በኩል የበለጠ ርቀት ያስፈልጋል። እሳት ሽቅብ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን እያሞቀና እያደረቀ ስለሚሄድ፣ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቀን ቀን ከቆላው የሚነሣው ነፋስም ይገፋዋል።

የቆርቆሮ ጣራና የጭቃ ግድግዳ ትልቅ ጸጋ ነው። እዚህ ስንት ሚሊዮን ብር የወጣበት ቤት የእንጨት ነው። ደካማው ቦታ ቆርቆሮውና ግድግዳው የሚገናኙበት ክፍተት ነው። ቆጥ ላይ ጭድ ወይም ማሽላ አገዳ ካለ ፍም በዚያ ገብቶ ከውስጥ ያነደዋል። ክፍተቱን በጭቃ ምረጉት፣ ለአየር የሚተወውን በደቃቅ ሽቦ ወንፊት ሸፍኑት።

መምህርት

ልጄ፣ እኔ ዛፍ ቆራጭ አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ሰው ሁሉ ስለ ዛፉ ሲያወራ የእናትሽ የጭድ ክምር የት ነው ያለው ብዬ አሰብኩ። እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው ጭዱን ከግድግዳ አስጠግቶ ነው የሚከምረው፣ ከብቱ በረት ቅርብ እንዲሆን። ኩበቱም እዚያው ተደርድሮ ነው። ከሸለቆ የሚመጣ እሳት ባይኖር እንኳ ከጎረቤት ጭስ ቤት የወጣ ፍም ይበቃዋል።

ሌላው ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሲታጠን ሁሉም በየደጁ ቆሻሻ ያቃጥላል። ሥርዓቱ የአባቶቻችን ነው፣ የኅዳር በሽታን መታሰቢያ ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ኅዳር ሳሩ መድረቅ የጀመረበት፣ ነፋሱም የበረታበት ነው። እኛ ዘንድ አንድ ዓመት ከዚሁ ጭስ የተነሣ የአንዲት ባልቴት አጥር ነዶ አደረ። የሚታጠነው ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ፣ ከዛፍ ርቆ፣ ውሃና አፈር ተይዞ ይሁን። እናትሽ ብቻቸውን እንዳያደርጉት፣ በዚያ ቀን አንዳችሁ ሂዱ።

የጎረቤላ ልጅ

እትዬ መምህርት፣ የጭዱ ክምር በምሥራቅ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። እሳቱ በመጣበት በኩል። ኩበቱም ከጎኑ። ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፣ አንድም ቀን አልታየኝም። በዚህ ሳምንት ወንድሜ ወደ ምዕራብ፣ ከቤቱ 20 እርምጃ ርቆ ያዞረዋል፤ ተነጋግረናል።

ጋሼ ባለምሳሩ፣ ሠራተኛ ስቀጥር ሥራውን እንደሚያውቅ በምን እለየዋለሁ? ጥዱስ?

ባለምሳሩ

ከባሕር ማዶ ያለው ወንድማችን እግዜር ይስጠው፤ ግድግዳውን ማስቀደሙ ልክ ነው፣ እኔ ዛፉን አስቀድሜ ነበር።

ሠራተኛውን እንዲህ ፈትኚው። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ አሳዪውና «ይህን እንዴት ትቆርጠዋለህ?» በይው። ከላይ በአንድ ምት እጥለዋለሁ ካለ አመስግነሽ ሸኚው። ቅርንጫፍ በራሱ ክብደት ሲወርድ የግንዱን ልጥ ይዞ ይገነጠላል፤ ዛፉ ዕድሜ ልኩን የማይድን ቁስል ይዞ ይቀራል። የሚያውቅ ሰው ሦስት ጊዜ ነው የሚቆርጠው። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ ሲሶውን ይቆርጣል። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቆርጠዋል፤ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡ የሥሩ ቁርጥ ላይ ሲደርስ ይቆማል። መጨረሻ ላይ የቀረውን ቁራጭ ያነሣል። እሱንም ከግንዱ እኩል አይልጠውም። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ሲገናኝ ያበጠ፣ እንደ አንገት የተሸበሸበ ክብ አለ፤ እሱን ሳይነካ ከፊቱ ነው የሚቆርጠው። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በዚያ እብጠት ነው። ጭቃም ቀለምም አይቀባም። እኔ ይህን የተማርኩት በልጅነቴ አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ዞሮ ደረቴን ከመታኝ በኋላ ነው፤ ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰብሮ ሦስት ወር ተኝቻለሁ።

«አናቱን እቀነጥሰዋለሁ» የሚልም አይሁን። አናቱ የተቀነጠሰ ባሕር ዛፍ በዙሪያው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ቀንበጡ ከልጥ ላይ እንጂ ከግንዱ ውስጥ አልበቀለም። በጥቂት ዓመት ይከብድና ነፋስ ሲመጣ ይገነጠላል። ሽቦው ላይ ያዘነበሉትን ሁለቱን አናታቸውን አታስቀንጥሺ፤ እነሱ ከሥራቸው መነሣት ያለባቸው ናቸው። መብራት ኃይል መጥቶ መስመሩን ሳይዘጋ ግን ማንም አይውጣባቸው፤ የታወቀ ሰው ቢሆንም፣ ዝናብ ባይኖርም።

ጊዜውን እንዲህ አድርጊው። መጥረግ፣ የታችኛውን ቅርንጫፍ መግረዝ፣ የጭዱና የግድግዳው ሥራ ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይለቅ። ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ የምትፈልጊውን ግን ያን ጊዜ አታስቆርጪ፤ ለጋው ቡቃያ በውርጭ ይቃጠላል። እሱ ውርጩ ሲለቅ፣ በልግ ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ ጉቶው ከመሬት በላይ አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ቀርቶ፣ ውሃ እንዳይቋጥር አንድ ወገን አዘንብሎ ይቆረጥ። ያ ወቅት የእሳት ወቅት ስለሆነ ቅርንጫፉና ቅጠሉ መሬት ላይ አንድ ሌሊት አይደር፤ በውሉ ውስጥ አስገቢው። ጉቶው ሲያቆጠቁጥ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራውን ትታችሁ ሌላውን አንሡ፤ ካልሆነ ያው መሬት ላይ የተኛ ቁጥቋጦ ነው።

አሁን ጥዱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከባሕር ዛፉ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ባሕር ዛፉ በርቀት ነው፤ ጥዱ ጣራው ላይ ነው። ጥድ ውስጥ ውስጡን ደረቅ ቅጠል ይይዛል፣ ዘይትም አለው፤ ከያዘ እንደ ችቦ ነው። ጣራውን የነካውን ቅርንጫፍ በሙሉ አስነሥተሽ፣ ከሥር እስከ ሦስት ሜትር አስገርዘሽ፣ የውስጡን ደረቅ በእጅ አስለቅመሽ ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃል? ከሦስት ክንድ በላይ ከሆነና ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ሊቆይ ይችላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚያ ከቀረበ ግን መነሣት አለበት። አገር በቀል ስለሆነ በመጥረቢያ ከመነካቱ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። ሲቆረጥ እናትሽ ባሉበት ይሁን፣ ተነግሯቸው፣ ፈቅደው። ፍሬውንም አስቀድመሽ ልቀሚ።

ደግሞ የጥዱ ግንድ ሥር ያለውን አፈር እይልኝ። ካዘነበለ፣ ካዘነበለበት በተቃራኒው በኩል መሬቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ወይም ሥሩ ተነሥቶ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ጥቅምትን አንጠብቅም። በመጥረቢያ ጀርባ ግንዱን ዙሪያውን መቺው፤ ባዶ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ያለበት ቦታ ካለ በከሰል ምልክት አድርጊበትና ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ላኪልኝ።

የጎረቤላ ልጅ

ጋሼ፣ ከግድግዳው ሁለት ክንድ ተኩል ነው። ዛሬ በመቀነት ለካሁት። አፈሩ አልተሰነጠቀም፣ ድምፁም ደህና ነው። እናቴ ስለካ ከበሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ ምን እያደረግሽ ነው አላለችኝም። ከመሄዴ በፊት «ፍሬውን ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደምትለቅሚ እኔ አሳይሻለሁ» አለችኝ።